ክቡር አቶ መጨረሻ

ውኃ የማይደርስበት ሰፈር ይኖራል፤ መብራት በሳምንት ሁለት ቀን የሚጠፋበትም ሞልቷል፤ መጨረሻ ነጋሪ የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተቆረቆረም። ሰውየውን ለማወቅ ምልክት አያስፈልግም። ፊልም ሊጀመር ሲል ወንበሩን ወደ ፊት የሚስበው፣ የዋናው ሰው ፊት ገና ብቅ እንዳለ «ምስኪን!» ብሎ ከንፈሩን የሚመጠው እሱ ነው። «ምነው?» ያልከው እንደሆነ አለቀልህ። ዝም ብትለውም አልቆልሃል፤ ልዩነቱ የደቂቃ ነው።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ሊቅና መምህር የአንድ የማተሚያ ቤት አራሚ አማት ነበሩ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈሩ «ክቡር አቶ መጨረሻ» ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በከተማው ብቸኛ ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን አንቀሳቃሽ ነበሩ። ከአዳራሹ በስተኋላ፣ በጠባብ የብረት ደረጃ ተወጥቶ በሚገባበት ክፍል፣ በሁለት ትልልቅ ማሽኖች መካከል ቆመው፣ መጽሐፍ በምታህል ቀዳዳ እያዩ ዓለምን ሁሉ ጨርሰዋል። ሲኒማ ቤቱ ዛሬ የወንበርና የቁም ሣጥን መጋዘን ነው። እሳቸው ግን ከሥራ አልወረዱም። «ይህን እኔ በቀዳዳ አይቼዋለሁ» ካሉ ክርክር የለም። ፍርዳቸውም አጭር ነው፦ «አትድከሙ፤ ይሞታል።» የማይሞት ከሆነ ደግሞ፣ «አትድከሙ፤ ይጋባሉ።»

አንድ ቀን ከነዚህ ከሁለቱ የተለየ መጨረሻ ይኖር እንደሆነ ተጠይቀው ጥቂት አሰቡና፣ «አለ፤ ተጋብተው ይሞታሉ» ብለዋል።

አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ጡብ የሚያህል ልብ ወለድ ዘርግታ ስታነብ በትከሻዋ በኩል አጮልቀው፣ «እኅቴ፣ ሐኪሙን አትመኚው» አሏትና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ። ሴትዮዋ መጽሐፉን ከድና በመስኮት ስታፈጥባቸው ባርኔጣቸውን አነሡላት። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ አመሻሽ ላይ የሚደገመውን የእግር ኳስ ጨዋታ ውጤቱን ሳይሰማ ለማየት ብሎ ቀኑን ሙሉ ራዲዮውን ዘግቶ፣ ደንበኞቹን «ስለ ኳስ ያወራ በግማሽ ተላጭቶ ይወጣል» እያለ ሲያስፈራራ ዋለ። ሱቁን ሊዘጋ ሲል በሩ ገርበብ አለ፤ ራስ ብቻ ገባ። «ሁለት ለአንድ» አለ ራሱ፤ ወጣ።

ይህ የውጭው ነው። ከአውቶቡስ ይወረዳል፤ ከገዛ ቤት ወዴት ይወረዳል?

አራሚው በማተሚያ ቤት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የሌላውን ሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ፣ ዐይኑ የደከመ፣ ትዕግሥቱም የተመናመነ ሰው ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ሚስቱን ይዞ «ለሁለት ወር» ብሎ አማቱ ቤት ገባ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ። አሁን ተማሪዎች የሚያመጡለትን የመመረቂያ ጽሑፍ በመስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ለዕረፍቱ ብሎ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ጀምሮ ነበር፤ አራት መቶ ገጽ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ በኅዳጉ፣ በእርሳስ፣ በድሮ ተማሪ ቤት በተገራ ቁም ጽሕፈት እንዲህ የሚል አገኘ፦ «ጠበቃው ነው።»

ቆሽቱ አረረ። ኅዳግ የእሱ ርስት ነው! መጽሐፉን እንደያዘ ሳሎን ወጣ።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

አቶ መጨረሻ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩት። «እርማት ነው» አሉ። «ጎረቤቱን እየጠረጠርክ እንደሆነ ከፊትህ አነበብኩ። ሰው ሲሳሳት እያየሁ ዝም ልበል?»

ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና ሣቀች። ሣቋ እንኳ ባልከፋ፤ የከፋው ጠበቃው መሆኑ ነበር።

አራሚው ስሕተትን የሚጠላው በሥራው ምክንያት ብቻ አልነበረም። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሰው በጥቆማ በሚወሰድበት በዚያ ዘመን፣ አባቱ አንድ ቀን ከሥራው ቦታ ተወስዶ ሳይመለስ ቀረ። እናቱ የቴሌፎን ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ የከተማው መስመር ሁሉ በእጇ ያልፋል። ሰው ሁለቱን ነገር ገጣጠመ። ባሏን የጠቆመችው ራሷ ናት ተባለ። ፊት ለፊት የነገራት የለም፤ የረሳውም የለም። አራሚው «የስልከኛዋ ልጅ» እየተባለ አደገ። እሷም ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች። እንግዲህ በጊዜው ያልታረመ ስሕተት ውሎ አድሮ እውነት ሆኖ እንደሚቀር አራሚው የተማረው ከማተሚያ ቤት አልነበረም።

ከአቶ መጨረሻ መጨረሻዎች ሁሉ ላይ የነገሠ አንድ ነበር፤ የአንድ ጥቁርና ነጭ የስለላ ፊልም መጨረሻ። ታሪኩ የአንድ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰውየው በሱቁ መስኮት የደረደራቸውን ሰዓቶች በየቀኑ የተለያየ ጊዜ እያስያዘ፣ በዚያ ለሚያልፉ ባልደረቦቹ ምስጢር ያስተላልፋል። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የሆነች አንዲት ሴት ትወደዋለች። በመጨረሻ ሲነቃበት በባቡር ያመልጣል። «ባቡሩ ይንቀሳቀሳል» ይላሉ አቶ መጨረሻ፣ እጃቸውን በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ እየሳቡ፤ «ሴትዮዋ በጭሱ ውስጥ ቆማ ትቀራለች። አታለቅስም። አለቀ። ልክ መቶ ደቂቃ፤ አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ።» ይህን በዳቦ ቤት፣ በሐኪም ቤት ወረፋ፣ በሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም፣ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ሲናገሩ ኖረዋል። አራሚው አንድ ነገር ልብ ብሎ ነበር፦ ይህ መጨረሻ ከሕጋቸው ይወጣል። ሰዓት ሠሪው አይሞትም፤ አይጋቡምም።

አንድ ሐሙስ እስክሪብቶ ሊገዛ ወጥቶ በዲስክ ሻጩ መደርደሪያ ላይ ያንኑ ፊልም አየ። ለቤት ማያ እንደ አዲስ ተዘጋጅቶ መውጣቱ ነው። በሽፋኑ ላይ ሰዓት ሠሪው ካፖርቱን ለብሶ፣ ግማሽ ፊቱ በጥላ ተውጦ ይታያል። በጀርባው በደቃቅ ፊደል፣ «ከዋናው ቅጂ የተወሰደ፤ ጭረቱ የጸዳ፤ ድምፁ የተስተካከለ፤ ምንም ያልተቆረጠበት» ይላል። ከታች ርዝመቱ ተጽፏል፦ መቶ አራት ደቂቃ።

አራሚ ቁጥር አያልፍም። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

በደስታው ብዛት ቤቱ እስኪደርስ እንኳ መታገሥ አቃተው፤ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ጎራ አለ። «እሑድ ከሰዓት እኛ ቤት ኑ» አለ፣ በተሰለፈው ሰው ፊት። «ፊልሙን ታያላችሁ፤ የአማቴንም ውርደት።»

«ሁለት ለአንድን የረሳሁ መሰለህ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን በአየር ላይ እያንቀጫቀጨ። «ጥሪ ባይኖርም በር ሰብሬ እገባለሁ! እኔ እኮ ያንን ፊልም የመጀመሪያው ቀን ገብቻለሁ። መጨረሻው ሌላ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ‹አልመህ ነው› እያሉ ግራ አጋቡኝና ተውኩት።»

አራሚው ይህን ሲሰማ ጭራሽ ቁመቱ ጨመረ።

ቤት ሲደርስ ዲስኩን በአማቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። አቶ መጨረሻ አንሥተው አገላበጡት። 

«ጥቁርና ነጭ በዚህች ሣጥን አይታይም» አሉ ቴሌቪዥኑን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ነውር ነው።»

«እኔ ነውሩን ልየው።»

«ማጫወቻውም ታሟል።»

«ትናንት ደኅና ነበር።»

«እንግዲያውስ ዐይኔን አሞኛል።»

«ዐይን ምን ያደርግልዎታል አባባ፣ በቃልዎ የያዙትን!»

«ኧረ በልጅ አምላክ ተዋቸው!» አለች ሚስቱ። «ሽማግሌና ሽማግሌ ሆናችሁ ትጣላላችሁ?»

«እንወራረድ» አለ አራሚው። «መጨረሻው እርስዎ እንዳሉት ከሆነ፣ እሑድ በሰፈሩ ሰው ፊት ብድግ ብዬ ‹አባባ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው› እላለሁ። ካልሆነ ግን ከእንግዲህ በዚህ ቤት ፊልም ሲታይ ድምፅዎ አይሰማም። እስከ ዕለተ ሞት።»

አቶ መጨረሻ ዲስኩን መለሱለት። «ይቅርብህ፣ ልጄ» አሉ።

«ፈሩ!»

«አዎ፤ ፈራሁ።»

አራሚው ይህን እንደ ቀልድ ቆጠረውና ውርርዱ ጸና አለ።

አራሚ የሆነ ሰው ራሱ ያላነበበውን ለኅትመት አይለቅም፤ ስለዚህ ከሰፈሩ በፊት አንድ ጊዜ ሊያየው ወሰነ። ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ስትሄድ መጋረጃውን ዘግቶ ዲስኩን አስገባ። አቶ መጨረሻ ከወንበራቸው አልተነሡም። መቶ ደቂቃ ሙሉ «ምስኪን» የሚል ቃል አልወጣቸውም። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር፤ የዝናቡ ጠብታ በድንጋይ ንጣፉ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በሱቁ መስኮት የተደረደሩት ሰዓቶች የየራሳቸውን ጊዜ ይናገራሉ። ከዚያ ጣቢያው መጣ፤ ፉጨቱ፤ ጭሱ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ በጭሱ ውስጥ ቆመች።

«አሁን አጥፋው» አሉ አቶ መጨረሻ።

«አራት ደቂቃ ይቀረዋል።»

«አውቃለሁ። አጥፋው።»

አላጠፋውም። ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። በጣቢያው ጥግ ወዳለ የመስታወት ክፍል ገባችና ቴሌፎን አነሣች። የምትለው አይሰማም፤ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። በሚቀጥለው ጣቢያ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ሦስተኛው ፉርጎ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በሩ ተከፈተ። ሰዓት ሠሪው አያቸውና የእጅ ሰዓቱን ተመለከተ። ተፈጸመ።

«ተበሉ!» ብሎ ብድግ አለ አራሚው። «አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት! ይህ ሁሉ የት ነበር?»

«ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ» አሉ አቶ መጨረሻ።

«ምን?»

«ቆርጬ ያስቀመጥኩት እዚያ ነበር። ፊልሙ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ መልሼ ቀጥዬ ላክሁት። ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም።

«የመጀመሪያው ቀን የቅዳሜ ከሰዓት ትርኢት ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ጨለመው ቴሌቪዥን እያዩ። «አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ በቀዳዳዬ ነኝ። ያቺ ሴት ስልኩን ስታነሣ ከመካከል አንድ ሰው አንገቱን አዞረ። ቀጥሎ ጎኑ ያለው። ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ። ፊልሙን ትተው አንዲት ሴት ያያሉ። ከኋላ አንዱ ‹ስልከኛዋ!› አለ። አዳራሹ ሣቀ። መብራት ሲበራ ከቦታዋ አልተነሣችም፤ የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ተነሣችና የተቀመጠችበትን ወንበር አጠፈችው። ወንበር አጥፎ የሚወጣ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት እሷን ብቻ ነው ያየሁት።»

አራሚው መቀመጡን ሳያውቀው ተቀምጧል። «እማዬ ናት» አለ።

«እናትህ ናት። አባትህ በተወሰደ በስምንተኛው ወር። ትንሽ ይቅለላት ብለው የሥራ ጓደኞቿ ናቸው ጎትተው ያመጧት።» ምርኩዛቸውን አስተካከሉ። «በማግስቱ መቀስ አነሣሁ። ከጭሱ በኋላ ያለውን ቆርጬ ‹ተፈጸመ› የሚለውን ቀጠልኩበት። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት እንኳ አላወቀም። ግን የመጀመሪያውን ቀን ያየው ሰው ‹ስልክ ነበረ እኮ› ማለት ጀመረ። እኔም እየቀደምኩ መንገር ጀመርኩ። ባቡሩ ይሄዳል፣ ሴትዮዋ ትቆማለች፣ አለቀ። ስልክ? የምን ስልክ? ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶብህ ነው! እንዲህ እያልኩ ዓመት ሳይሞላ አስረሳኋቸው።»

«የሌሎቹን ፊልሞች መጨረሻስ ለምን ይናገራሉ?»

«የአንዱን ብቻ ብናገር አይጠረጥሩኝም? እሱን ለመደበቅ የሁሉንም መናገር ግድ ሆነብኝ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አልዋሽህም፤ ኋላ ግን ወደድኩት።»

አራሚው ሊሥቅ ቃጣው፤ ሣቁ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «ሐሜቱን ግን አላቆሙትም» አለ። «ትምህርት ቤት በዚያ ስም ነበር የምጠራው። ስትሞት እንኳ፣ ቀብሯ ላይ ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ምን ጠቀማት?»

«አላቆምኩትም» አሉ አቶ መጨረሻ። «በእጄ የነበረው አራት ደቂቃ ነው። እሱን ቆረጥኩ።»

ውጭ ልጆች ኳስ ያንጠባጥባሉ። አራሚው አርባ ሁለት ዓመት ከማንም ያልጠየቀው፣ ከእናቱም አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ሳይጠይቅ የቀረው ጥያቄ አፉ ላይ መጣ።

«አባባ… ደውላ ነበር?»

«አላውቅም» አሉ አቶ መጨረሻ።

ቀጥለው የሚሉት ያለ መስሎት ጠበቀ። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ውርርዱን አንተ በልተሃል። ከዛሬ ጀምሮ አልናገርም» ብለው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ።

ያን ጊዜ ነው እሑድ ትዝ ያለው። ሰዎቹን የጠራ ማነው? ራሱ። በር ሰብሮ ለመግባት የፎከረው ማነው? ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ፀጉር አስተካካይ። ሴትዮዋ ስልኩን ስታነሣ ያይና ሁሉም ነገር ይመጣለታል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ በምላጩ ሥር የተቀመጠ ሁሉ ይሰማዋል። ዲስኩ ጠፋ ቢላቸው ሰውየው ራሱ ሄዶ ሌላ ይገዛል። አይተው ከጠገቡ ግን ማንም ዳግመኛ አይፈልገውም። እንግዲያውስ ማየት አለባቸው፤ እስከ ጭሱ።

ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሻጩ ሄደ።

«የፊልሙ መጨረሻ ከዚህ ክብ ላይ የት ጋ ነው ያለው?»

ሻጩ በመገረም አየው። «ከመሃል ይጀምርና ወደ ዳር ነው የሚሄደው፣ ጋሼ። የዚህኛው እስከ ዳሩ ሞልቷል። ዳሩን ከጫሩት መጨረሻው አይሄድልዎትም፤ ይጠንቀቁ።»

«እጠነቀቃለሁ» አለ አራሚው።

የሚስቱን መርፌ ከስፌት ሣጥኗ አወጣ። ዳሩን በቀስታ ጫረና አስገብቶ አየ፤ ሴትዮዋ ስልኩን አነሣች። አወጣና ወደ ውስጥ ጥቂት ጨመረ፤ አሁን ወደ መስታወቱ ክፍል ትራመዳለች። አሁንም አወጣ። የሌላውን ስሕተት ሲያወጣ የኖረ እጅ ስሕተት ለማስገባት አልተገራምና አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ ወጋው። በአራተኛው ሙከራ ምስሉ ሴትዮዋ በጭሱ ውስጥ እንደቆመች ደርቆ ቀረ። ሚስቱ በዚህ መካከል ገብታ መርፌውንም፣ ዲስኩንም፣ የደማ ጣቱንም አየች።

«ምን ልሁን ብለህ ነው?»

«እያረምኩ ነው» አላት።

እሑድ ዘጠኝ ሰው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ተቀመጠ። ፊልሙ ሲጀመር ሁሉም በጎን ወደ አቶ መጨረሻ ያዩ ነበር፤ እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዝም። ግማሽ ላይ ሲደርስ እንግዶቹን ፍርሃት ያዛቸው። «አሞዎታል እንዴ?» አለ አንዱ። ዝም። «ኧረ ይናገሩ፤ ሰውየው ይሞታል አይደል?» ዝም። የሚያበላሽ ሰው የጠፋበት ፊልም ጨው እንዳልገባበት ወጥ ሆነባቸው።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ጭሱ ተነሣ። ሴትዮዋ ቆመች፤ ምስሉም አብሯት ቆመ።

ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ ማጫወቻውን በጥፊ መታው። «እንዴ! ከዚህ በኋላስ? አንተ ትናንት አይተኸዋል አሉ፤ ምን ይሆናል?»

ዘጠኝ አንገት ባንድ ጊዜ ወደ አራሚው ዞረ።  ሰው ሁሉ አንገቱን ሲያዞርብህ እንዲህ ነው ለካ፤ እናቱ ግን ቦርሳዋን ይዛ መብራት እስኪበራ ጠብቃለች። ብድግ አለ።

«ከዚህ በኋላ ምንም የለም» አለ። «ባቡሩ ሄደ፤ ሴትዮዋ ቆመች፤ አለቀ። አባባ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው።»

«ይህን ለመስማት ነው ከቤቴ የወጣሁት?» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን ፈለገ። በሩ ላይ ግን ቆም አለ። «እኔ እኮ… ስልክ ነገር የነበረበት ይመስለኝ ነበር።»

«የምን ስልክ?» አለ አራሚው፣ ዐይኑን ሳይሰብር። «ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶብህ ነው።»

ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ። ሚስቱ ወንበሮቹን ትሰበስባለች። አቶ መጨረሻ ከወንበራቸው ተነሥተው ዲስኩን ከማጫወቻው አወጡ፤ ወደ መስኮቱ ወስደው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ጭረቱን በብርሃኑ እያዟዟሩ መረመሩት። አራሚው ከኋላቸው ቆሟል። አንዲት የምስጋና ቃል፣ ወይም ቢያንስ ትከሻውን መታ የምታደርግ እጅ እየጠበቀ ነበር።

«ሁለት ሰከንድ ዘግይተሃል» አሉ።

«ምን?»

«ፊቷን ማዞር ጀምራለች እኮ! ንቁ ሰው ቢሆን ያስተውላታል። እኔ የቆረጥኩት ጭሱ ሲወፍር ነው፤ ጭስ ስፌት አያሳይም። ደግሞ ይህ ምን ዐይነት ጭረት ነው? ድመት የተጫወተችበት ይመስላል። በእውነቱ ለጀማሪ…» ዲስኩን አዘቅዝቀው በድጋሚ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ና፣ መርፌውን አምጣ።»

አራሚው እየተነጫነጨ መርፌውን ሊያመጣ ሄደ።